ከአዳማ ሆኖ ባቡር ማየት፦ ጥሩ ቦታ እንዴት ይገኛል?

ባቡር ማየት እወዳለሁ። መሳፈሩን ብቻ አይደለም የምላችሁ። ከሐዲዱ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ከሩቅ ብቅ ሲል ጀምሮ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪሰወር ድረስ ማየቱን ነው። በሌላው ዓለም ይህን ነገር እንደ ትልቅ ጉዳይ የያዙት ብዙ ሰዎች አሉ። ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ለአንድ ባቡር ብለው ግማሽ ቀን ይጠብቃሉ። እኛ ጋ ገና ብዙም አልተለመደም። ግን አዳማ ላይ ለምን አይለመድም? ከተማዋ ለዚህ ነገር የተመቸች ናት፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች አሳያችኋለሁ።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ታዲያ የት ሄጄ ልይ?" ብሎ ነው። የአንድ ቦታ ስም መስጠት ይቻላል። ችግሩ ዛሬ ሜዳ የነበረው ነገ ቤት ይሠራበታል ወይም ይታጠራል፣ በበጋ ጥርት ብሎ የሚታየው ደግሞ በክረምት በቆሎው አድጎ ይጋርደዋል። ስለዚህ ቦታ የሚመረጥበትን መንገድ ማወቁ ይሻላል። እኔ የምመርጠው በአንድ ነገር ነው፦ ባቡሩ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ምን ለማድረግ ይገደዳል? የሚቆምበት፣ የሚዘገይበት፣ የሚታጠፍበት፣ ዳገት የሚወጣበት፣ ሌላ ባቡር የሚጠብቅበት ቦታ ጥሩ ቦታ ነው። መልክዓ ምድሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እጅግ ያማረ ኮረብታ ላይ ቁጭ ብላችሁ ባቡሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እልም ብሎ ቢያልፍ ምን አያችሁ ይባላል?

1. መጀመሪያ መስመሩን ዕወቁት

አሁን የሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ መደበኛ አገልግሎት ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ርዝመቱ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። በሐዲዱና በሐዲዱ መካከል ያለው ስፋት 1.435 ሜትር ነው። ባለቤቶቹ ሁለቱ አገሮች ናቸው፣ ሥራውንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስኬዱት ከነበሩት የቻይና ድርጅቶች ተረክበው ራሳቸው ያካሂዱታል። ሎኮሞቲቩን፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚስበውን የባቡሩን ራስ፣ የሚነዳው የአገራችሁ ልጅ መሆኑን እያሰባችሁ ማየት፣ ቢያንስ ለእኔ፣ ደስታውን ይጨምረዋል።

ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ግን ይሄ ነው፦ ከሰበታ እስከ አዳማ ድረስ፣ ወደ 115 ኪሎ ሜትር የሚሆነው፣ ጥንድ መስመር ነው፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመምጫ። ከአዳማ ወዲያ እስከ ጅቡቲ ድረስ ነጠላ ነው። ይህን በደንብ ያዙት። በጥንዱ በኩል ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን ሳይቆሙ ይተላለፋሉ። በነጠላው በኩል ግን አንዱ ጣቢያ ላይ ገብቶ ዳር መያዝ አለበት፣ ሌላው እስኪያልፍ። አዳማ ልክ መጋጠሚያው ላይ ናት። በአንድ በኩል ስትወጡ እንቅስቃሴ ታያላችሁ፣ በሌላ በኩል ስትወጡ መጠባበቅ ታያላችሁ። ሁለቱንም ከአንድ ከተማ ተነስቶ ማየት መቻል ትልቅ ዕድል ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ዳገቱ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ ባቡር ከባሕር ጠለል ተነስቶ ነው ወደ ደጋው የሚወጣው። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበዛ ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣው ባቡር ነው ከባዱ። ኮንቴይነር፣ ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ መኪና ተሸክሞ ይመጣል። ወደ ታች የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ባዶ ኮንቴይነር ይበዛበታል። ስለዚህ ዳገት ላይ የምትቆሙ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ጠብቁ። ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ለማየት ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ድምፁም ሌላ ነው።

2. በካርታ ላይ ሐዲዱን ተከተሉ

ስልካችሁ ላይ ጎግል ማፕን ወይም ጎግል ኧርዝን ክፈቱ፣ የሳተላይት ምስሉን አድርጉ። አዳማ ላይ ጀምራችሁ መስመሩን በጣታችሁ ተከተሉት። ቸኩላችሁ አትዝለሉ። ይህ ሥራ ቡና እየጠጡ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ያዋጣል፣ ምክንያቱም እግራችሁ አንድ ቀን ሙሉ ፈልጎ የማያገኘውን ዓይናችሁ በካርታ ያገኘዋል።

የምትፈልጉት ምንድን ነው? አንደኛ፣ አንዱ መስመር ወደ ብዙ የሚከፈልበትን፤ ያ ጣቢያ ወይም መጠባበቂያ ነው። ሁለተኛ፣ መኪና መንገድ በድልድይ በሐዲዱ ላይ የሚያልፍበትን። ሦስተኛ፣ ሐዲዱ የሚጠማዘዝበትን፤ ኩርባ ላይ ረጅም የጭነት ባቡር ከራሱ እስከ ጭራው አንድ ላይ ይታያል፣ ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ግን የምታዩት ግንባሩን ብቻ ነው። አራተኛ፣ ከሐዲዱ አንድ ሁለት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ከፍ ያለ መሬት ያለበትን። ጎግል ኧርዝ ላይ ጣታችሁን ስታሳርፉ ከፍታውን ይነግራችኋል፣ ሐዲዱ ያለበትንና እናንተ ልትቆሙበት ያሰባችሁትን አነጻጽሩ። አሥር ሜትር ከፍ ማለት ብዙ ነገር ይለውጣል፣ የኮንቴይነሩን ጎን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም፣ ከኋላው ያለውንም ሜዳ ታያላችሁ።

ያገኛችሁትን ሁሉ ስም ሰጥታችሁ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወደዚያ ቦታ የሚወስድ የእግር መንገድ ወይም ባጃጅ የሚገባበት መንገድ አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። መንገድ የሌለው ቦታ፣ ቢያምርም፣ ለጊዜው ይቅር።

3. አንድ ጊዜ ተሳፍራችሁ ሂዱ

ካርታ ያላሳያችሁን መስኮት ያሳያችኋል። ከአዳማ ጣቢያ ትኬት ቆርጣችሁ ወደ ድሬዳዋ ሂዱ፣ መስኮት ዳር ተቀመጡ፣ ስልካችሁ ላይ ጂፒኤስ ክፈቱ። ጥሩ ኮረብታ፣ ጥሩ ኩርባ፣ ባቡር ቆሞ የሚጠብቅበት ጣቢያ ባያችሁ ቁጥር ምልክት አድርጉ። የመነሻ ቀንና ሰዓት ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ትኬት ቢሮ ጠይቁ። ጣቢያው ከመሃል ከተማ ራቅ ስለሚል የባጃጁን ወይም የታክሲውን ዋጋ ፖስታ ቤት አካባቢ ሳላችሁ ተስማሙ፣ መመለሻውንም አብራችሁ አስቡ።

መተሐራ ስትደርሱ የፈንታሌን ተራራ ታያላችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ገላጣ ነው፣ ግመልና ከብት ከሐዲዱ ማዶ ይሰማራል። ድሬዳዋ ከደረሳችሁ አይቀር ከዚራ ወደሚባለው ሰፈር ሂዱና የድሮውን ጣቢያ እዩ። የድሮው ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። የድሮዎቹ ሎኮሞቲቮችና የጥገና ጋራዡ እዚያው ናቸው። ባቡር የሚወድ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ሊያያቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

4. ፈቃድና ሰላምታ

ይሄን ክፍል እንዳትዘሉት። ባቡር መስመር የመሠረተ ልማት ተቋም ነው፣ ጥበቃ አለው። ካሜራ ይዞ ሐዲድ ዳር የሚያንዣብብ ሰው ጥያቄ ቢያስነሳ አይገርምም። ስለዚህ ጥበቃው እናንተን ሳይጠራችሁ እናንተ ቀድማችሁ ሂዱ። መታወቂያችሁን ወይም ፋይዳችሁን ያዙ። እንዲህ በሉ፦ "ሰላም ዋልክ ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ አዳማ ነው የምኖረው። ባቡር ማየት ስለምወድ ነው የመጣሁት። እዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ሲያልፍ ባይ ችግር አለው?" ብዙ ጊዜ መልሱ "ችግር የለውም፣ ግን ወደ አጥሩ እንዳትጠጋ" የሚል ነው። "አይቻልም" ካለ አይቻልም ነው፣ አመስግናችሁ ሂዱ። መከራከር የሚቀጥለውን ሰው መንገድ ይዘጋል።

ፎቶ ማንሳት ለብቻው ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው። ማየት ተፈቀደ ማለት ማንሳት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ጣቢያ ግቢ ውስጥ ለማንሳት ካሰባችሁ ቀደም ብላችሁ ለጣቢያው ኃላፊ ማመልከቻ ጽፋችሁ ጠይቁ፣ ለምን እንደሆነ በግልጽ አስረዱ። ድሮን የሚባል ነገር ጭራሽ አታስቡ።

ከከተማ ወጣ ስትሉ ደግሞ የምትቆሙበት መሬት የሰው ማሳ ነው። ገበሬው ካለ "አካም ጅርቱ" ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ የማሳውን ዳር ለመያዝ ጠይቁ፣ ስትሄዱ "ገለቶማ" በሉ። ኦሮምኛ ባትችሉም እነዚህን ሁለቱን ያዙ፣ በር ይከፍታሉ። ሽማግሌ ካገኛችሁ "አባባ፣ ባቡሩ ብዙ ጊዜ በስንት ሰዓት ያልፋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ከብት ጠባቂ ልጆችም እንደዚሁ፣ ቀኑን ሙሉ እያዩት ስለሚውሉ። የአካባቢውን ሰላምም በዚያው ጠይቁ። ዛሬ ባይሆን ይሻላል ካሏችሁ ነገ ይሁን።

5. ለሕይወታችሁ የሚያሰጉ ነገሮች

ከባቡሩ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ነው። ቤታችሁ ያለው 220 ነው። በዚህ ኃይል ለመሞት ሽቦውን መንካት እንኳ አያስፈልግም፣ በጣም ከተጠጋችሁት ዘሎ ይይዛችኋል። ስለዚህ ከሐዲዱ በላይ በሚያልፍ ድልድይ ላይ ስትቆሙ ረጅም ዘንግ፣ የሰልፊ እንጨት፣ የካሜራ መቆሚያ ከመከታው አሳልፋችሁ አትዘርጉ። ውሃም ሆነ ሌላ ነገር ወደ ታች አታፍስሱ። የቆመ ፉርጎ ላይ መውጣት ደግሞ በጭራሽ፣ ሽቦው ልክ ከጭንቅላታችሁ በላይ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አጥሩን አትለፉ። አጥር የሌለበት ቦታም ቢሆን ሐዲዱ ላይ አትሂዱ፣ ለፎቶ ብላችሁም አትቁሙ። የተጫነ የጭነት ባቡር ፍሬን ይዞ እስኪቆም አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። አሽከርካሪው ቢያያችሁም ሊያደርግላችሁ የሚችለው ጥሩምባ መንፋት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ደግሞ እንደ ከባድ መኪና ከሩቅ አያጓራም፤ ነፋሱ ከእናንተ ወደ እሱ የሚነፍስ ከሆነ አጠገባችሁ እስኪደርስ ላትሰሙት ትችላላችሁ። አዳማ ደግሞ ነፋስ የሞላባት ከተማ ናት፣ በኮረብታዎቿ ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰማችሁ ሐዲድ አካባቢ አትዘዋወሩ።

6. አሁን ቦታ ምረጡ

ለጀማሪ የምመክረው ከምዕራብ በኩል፣ ማለትም ወደ ሞጆ ባለው ጥንድ መስመር፣ እንዲጀምር ነው። ቅርብ ነው፣ መንገድ አለው። መኪና መንገድ በሐዲዱ ላይ የሚያልፍበት ድልድይ ካገኛችሁ፣ የእግረኛ መሄጃም ካለው፣ እዚያ ላይ ሆኖ ባቡሩ ከሥራችሁ ሲያልፍ ማየት ይቻላል። የእግረኛ መሄጃ ከሌለው አትቁሙበት፤ ከባቡሩ ይልቅ ሲኖትራኩ ነው የሚያሰጋችሁ። ከዚያ ይልቅ ራቅ ያለ ጉብታ ይሻላል።

ሞጆ ራሷ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ በሚኒባስ ብዙም አትርቅም። ደረቅ ወደቡ ያለው እዚያ ነው፣ ሐዲዱም እስከ ውስጥ ይገባል። ግቢው የጉምሩክ ስለሆነ አይገባም፣ ፎቶም አይነሳም። ነገር ግን ፉርጎ ሲቆራረጥና ሲቀጣጠል፣ ባቡር ቀስ ብሎ ሲገባና ሲወጣ ከውጭ የሚታይበት ቦታ ፈልጉ። ከጎኑ ሻይ ቤት ካለ የበለጠ ጥሩ ነው።

አሁን እኔ ከሁሉም አስበልጬ ወደምወደው ልምጣ። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወለንጪቲና መተሐራ በሚወስደው በኩል፣ ነጠላው መስመር ላይ ያሉት ጣቢያዎች ናቸው። ጣቢያ ስል ትልቅ አዳራሽ እንዳታስቡ። አንዳንዱ አንድ ሕንፃና ከዋናው ጎን የተዘረጋ ተጨማሪ ሐዲድ ነው። ጭነት የያዘ ባቡር እዚያ ተጨማሪው ሐዲድ ላይ ገብቶ ቆሞ፣ ፊት ለፊቱ ያለው መብራት ቀይ ሆኖ ካያችሁ፣ አትንቀሳቀሱ። ሌላ ባቡር እየመጣ ነው ማለት ነው።

ያኔ ቁጭ ብላችሁ የቆመውን አዳምጡት። ሎኮሞቲቩ ዝም አይልም። ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ ይነፍሳል፣ በመሃል አየር መጭመቂያው ይነሳና ይንተገተጋል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ዓይናችሁን ወደ ላይ አንሱ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ክንድ ሽቦውን ተጭኖ እንደያዘ ነው። አሽከርካሪው አንዳንዴ በመስኮት ብቅ ብሎ ወደ ኋላ ያያል። እጃችሁን ብታነሱለት እሱም ያነሳላችኋል። ከዚያ ከሩቅ ጥሩምባ ይሰማል። የሚያልፈው ባቡር ይመጣል፣ በቆመው ጎን ያልፋል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ነፋስ አቧራውን ያነሳዋል። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ትንሽ ጊዜ ምንም ነገር አይሆንም። ቀዩ መብራት ይቀየራል። ፍሬኑ ሲለቀቅ ከባቡሩ ርዝመት ሁሉ ሽ... የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ሎኮሞቲቩ ሲስብ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እሱ ብቻ ነው። ቀጥሎ አንደኛው ፉርጎ ይሳባል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፣ ማያያዣዎቹ እየተወጠሩ ቃ፣ ቃ፣ ቃ የሚለው ድምፅ ከፊት ተነስቶ በአጠገባችሁ አልፎ እስከ ጭራው ይሮጣል። የመጨረሻው ፉርጎ ሲነሳ የመጀመሪያው መንገድ ጀምሯል። ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ተመልሶ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነኝ።

በዚህ በኩል ስትሄዱ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሳትገቡ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ መግቢያ ወይም መውጫው ላይ ሐዲዱ የሚከፈልበትን ቦታ ምረጡ። ከመሃሉ ይልቅ ጫፉ ይሻላል። ባቡሩ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲሻገር ፉርጎዎቹ ተራ በተራ ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚታየው እዚያ ነው።

7. ፀሐይና ወቅት

ፎቶ ባታነሱም ፀሐይዋን አስቡ፤ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባች ምንም አታዩም። ከሞጆ ወደ አዳማ መስመሩ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጠዋት ግንባሩ በፀሐይ የሚበራው ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው። ይህን ማወቅ ብቻ ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል።

የትኛው ጎን ልቁም ለሚለው ደግሞ ወሩን እዩ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት፣ ስለዚህ ከሐዲዱ በስተደቡብ ቁሙ። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን ወደ ሰሜን ትሻገራለች፣ ያኔ ጎን ቀይሩ። የውጭ አገር መመሪያ አንብባችሁ "ሁልጊዜ ከደቡብ" የሚል ብታገኙ ለአዳማ አይሠራም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ያለው ብርሃን ከሁሉም ይሻላል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከሐዲዱ ላይ እየተነሳ ሩቁን ነገር ያንቀጠቅጠዋል፣ ፎቶም አይወጣ፣ ዓይንም አያርፍ።

መስከረምና ጥቅምት ሜዳው አረንጓዴ፣ አየሩ ጥርት ያለ ነው፣ ለእኔ ምርጡ ጊዜ ያ ነው። በጋው አቧራና ነፋስ አለው። ክረምት ላይ ጭቃው መንገድ ይከለክላል፣ ግን ደመናው ሲሰነጠቅ የሚገኘው ብርሃን ልፋቱን ይክሳል። ማዳበሪያ የሚጓጓዘው በብዛት ከእርሻው ወቅት በፊት ባሉት ወራት ስለሆነ ያኔ ምን እንደተጫነ ልብ ብላችሁ እዩ።

8. የራሳችሁን የጊዜ ሰሌዳ ሥሩ

የመንገደኛው ባቡር ሰዓት አለው። የጭነቱ ግን ለሕዝብ የሚለጠፍ ሰሌዳ የለውም። ስለዚህ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። አንድ ደብተር ያዙ። ባለፈ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ የሎኮሞቲቩን ቁጥር፣ የፉርጎውን ብዛት፣ ምን እንደጫነ ጻፉ። ቤታችሁ ለሐዲዱ ቅርብ ከሆነ ሌሊት የሰማችሁትን ጥሩምባም ጻፉት። ለጥቂት ሳምንታት ከጻፋችሁ የቀኑ ባዶ ሰዓቶችና የሚበዛባቸው ሰዓቶች እየለዩ ይመጣሉ። ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩት ደግሞ፣ አንዱ ሞጆ አንዱ አዳማ፣ "አሁን አለፈኝ" ብሎ በቴሌግራም መላክ ብቻ ነው፣ ሌላው ደረቱን ነፍቶ ይጠብቃል።

ፍጥነቱን ማወቅ የሚፈልግ እንዲህ ያድርግ። በሳተላይት ካርታ ላይ 200 ሜትር ለኩና ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ምልክት፣ የሽቦ ምሰሶ ይሁን ሌላ፣ ያዙ። የሎኮሞቲቩ አፍንጫ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የወሰደበትን ሰከንድ በስልክ ቁጠሩ። 720ን ለሰከንዱ አካፍሉ። 9 ሰከንድ ከሆነ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፣ 12 ከሆነ 60። መስመሩ ሲሠራ ለመንገደኛ በሰዓት 120፣ ለጭነት 80 ኪሎ ሜትር ተብሎ ነው፤ እናንተ ያያችሁትን ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ዳገት ላይ ስትለኩ ደግሞ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ርዝመቱንም በኮንቴይነር መገመት ይቻላል። ረጅሙ ኮንቴይነር፣ ባለ 40 ጫማው፣ 12 ሜትር ገደማ ነው፣ አጭሩ የእሱ ግማሽ።

በስልክ የምታነሱ ከሆነ፣ ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ማለቴ ነው፣ የማንሻውን ፍጥነት (ሻተር ስፒድ የሚባለውን) 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጉት። በ80 የሚሄድ ባቡር በዚያች ቅጽበት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ አይደበዝዝም። በዲጂታል ዙም አትሳቡት፣ ይልቅ አገሩም አብሮ ይግባ። ከኋላ የንፋስ ማማዎቹ ሲሽከረከሩ፣ ከፊት ባቡሩ ሲያልፍ የሚያሳይ ፎቶ የት እንደተነሳ ለአዳማ ልጅ መንገር አያስፈልግም።

9. የድሮውን መስመርም አትርሱ

የድሮው የፈረንሳዮቹ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፣ ከአዲሱ ጠባብ። እሱ የሚያልፈው በራሱ በከተማው ውስጥ ነበር። አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት፣ እንዲህ ያደገችው በአብዛኛው ባቡሩ ስለሚቆምባት ነው። ቅሪቱን መፈለግ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፣ ባቡር የማያልፍበት ቀን ሥራ ይሆናችኋል። ሐዲዱ የት የት እንደቀረ፣ የት ላይ አስፋልት እንደለበሰ፣ የት ላይ ሱቅ እንደቆመበት በእግር ተከተሉ። ሜትር ይዛችሁ ስፋቱን ለኩት። ከሐዲዱ ሥር በአግድም የተነጠፈውንም እዩ፤ በድሮው ብረት ነው፣ በአዲሱ ኮንክሪት።

ከሁሉም በላይ ግን ሽማግሌዎቹን አነጋግሩ። በዚያ ባቡር ድሬዳዋ ድረስ ተመላልሰው የነገዱ እናቶች፣ ምድር ባቡር ተቀጥረው የሠሩ አባቶች አሁንም በመካከላችን አሉ። "እትዬ፣ ያኔ ባቡሩ ሲገባ ጣቢያው ምን ይመስል ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ ስሙ። ፈቃዳቸው ከሆነ በስልክ ቅረጹ፣ ቀኑን ጻፉበት። ይህ ሥራ ነገ ይደርሳል ተብሎ የሚቆይ አይደለም።

10. ስትወጡ የምትይዙት

ውሃ፣ ከምታስቡት በላይ። ሰፊ ቆብ። ለአቧራው ሻርፕ ወይም ማስክ። ደብተርና እስክሪብቶ፣ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። ፓወር ባንክ። ካላችሁ ሩቅ ማያ መነጽር (ባይናኩላር)፤ የሎኮሞቲቩን ቁጥር ሳትጠጉ የምታነቡት በእሱ ነው፣ ግን ይዛችሁ ስትወጡ ጥበቃው እንዲያውቅ አድርጉ። የተዘጋ ጫማ፣ እሾሁ ብዙ ነው። ቆሎ። ደማቅ ቀይ ልብስ ግን አትልበሱ፣ ሐዲድ አካባቢ ቀይ የአደጋ ምልክት ስለሆነ አሽከርካሪውን ሊያደናግር ይችላል።

ለቤት ሰው የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። ከወለንጪቲ በኩል የምትመለሱ ከሆነ ከ11 ሰዓት በፊት ተነሱ፣ እየመሸ ሲሄድ ታክሲ ይጠፋል።